ስማችሁን ከማስፈራችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ማድሪድ ስገባ የያዝኩት ስፓኒሽ የሰላምታና የገበያ ብቻ ነበር። ዳቦ እገዛበታለሁ፤ የሥራ ውሌን ግን አላነብበትም። እናንተ ሰዋስው እስኪጠና አትጠብቁ። ፊርማችሁ የሚያርፍበትን ቃል አስቀድሙ።

አማርኛ ሰው ይቀጠራል፣ ቤት ይከራያል ብሎ እንደሚለየው ስፓኒሽም ይለያል፤ «ኮንትራታር» ለሰው ነው፣ «አልኪላር» ለቤትና ለመኪና። እዚህ ላይ የሚሰናከለው በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ የሚመጣ ነው።

«ኮንትራቶ ኢንዴፊኒዶ» ሲሏችሁ አትደንግጡ። ቃሉ «ያልተወሰነ» ስለሚል ያልለየለት ሥራ ይመስላል እንጂ ቋሚ ቅጥር ነው። ልብ ማለት የሚገባችሁ «ቴምፖራል» የሚለውን ነው፤ አሠሪው ቅጥሩን ጊዜያዊ ያደረገበትን ምክንያት ውሉ ላይ መጻፍ አለበት። «ፔሪዮዶ ዴ ፕሩዌባ» የሙከራ ጊዜ ሲሆን ያለ ምክንያትና ያለ ካሳ ሊያሰናብቷችሁ ይችላሉ።

ደመወዝ ላይ «ብሩቶ» ሳይቆረጥ ያለው፣ «ኔቶ» እጅ የሚገባው ነው። እንደ ደንቡ በዓመት 14 ክፍያ አለ፤ 12ቱ የወር፣ 2ቱ ተጨማሪ፣ ከነዚህም አንዱ ለፈረንጆች ገና። «ፕሮራቴያዳስ» የሚል ካያችሁ ግን ሁለቱ ተሸንሽነው በየወሩ ገብተዋል። እኔ ይህን ሳላውቅ ለእናቴ በገና እልካለሁ ብዬ አፍሬያለሁ።

የባሰው «ፊኒኪቶ» ነው፤ ሥራ ሲያበቃ የሚሠራ የመጨረሻ ሒሳብ። ሳህን አጥብበት የነበረው ምግብ ቤት ባለቤት ወረቀቱን ማጠቢያው ዳር አስቀምጦ ስክሪብቶ አቀበለኝ። እጄ አረፋ እንደያዘ ፈረምኩ። ለካ «ከእንግዲህ የምንጠያየቀው የለም» ይላል፤ ያልወጣሁበት የዓመት ዕረፍት አልታሰበልኝም። ያኔ «ኖ ኮንፎርሜ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ባውቅ ከፊርማዬ አጠገብ ከነቀኑ እጽፋቸው ነበር። አልተስማማሁም ማለት ነው፤ ወረቀቱን መቀበላችሁን እንጂ በሒሳቡ መስማማታችሁን አያሳይም። ቅጂውንም ይዛችሁ ውጡ።

«ዴስፒዶ»፣ ማለትም ስንብት፣ ከደረሰባችሁ ደግሞ ለመክሰስ ያላችሁ ጊዜ 20 «ዲያስ አቢሌስ» ነው። የሥራ ቀን ማለት ነው፤ ቅዳሜና እሁድ አይቆጠሩም። «ናቱራሌስ» ቢል ኖሮ ሁሉም ይቆጠሩ ነበር፤ የዕረፍት ፈቃዳችሁ 30 ቀን በዚህኛው ነው የሚሰላው።

ዛሬ ማታ «ኖ ኮንፎርሜ»ን በስፓኒሽ ፊደል አሥር ጊዜ ጻፉት። እጃችሁ ይልመደው።