ትኩሳትና ጋሻ

ልጅዋን ለኩፍኝ ያስከተበች እናት፥ ሳምንት ያህል ቆይቶ ትኩሳትና ሽፍታ ቢታይበት ትደነግጣለች፤ ክትባቱ በሽታውን ያመጣበት ይመስላታልና። ድንጋጤዋ እውነተኛ ስለ ሆነ «ምንም አይደለም» ብሎ ማቃለል አይገባም። አስቀድሞ ያልተነገራት ሰው እንደ ተታለለ ሰው ናት፤ በሁለተኛውም ቀጠሮ ትቀራለች።

ዳሩ ግን ያ ትኩሳት በጥቂት ቀን ያልፋል፤ ኩፍኝ ግን ዓይን ያሳውራል፥ ይገድላልም። ደግሞ ኩፍኝን ለመግታት ከ100 ሰው 95 ያህሉ ሊከተብ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ክትባቱ የሚጀመረው በ9 ወር ነውና፥ የአንዱ ልጅ ክንድ ዕድሜው ላልደረሰው ለጎረቤት ሕፃን ጋሻ ነው። ጥቂት ሕመም ስለ ባልንጀራ መቀበል ይገባልን? ራሱ በሌሎች ልጆች ሕመም የተጠበቀ ሰው አይገባም ሊል አይችልም።

ነገር ግን ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ እንኳ ያልታደሉ አሉ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ከ12 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ሕፃናት መሠረታዊውን ክትባት የፈጸሙት በአዲስ አበባ ከመቶ 89፥ በአፋር ግን 15 ብቻ ነበሩ። ከብቶችዋን ተከትላ በበረሃ ለምትዘዋወር እናት ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፤ ክትባቱም ያለ ማቀዝቀዣ ይበላሻል።

እንግዲህ ዕዳው ሁለት ነው፤ ለፈራችው እናት እውነቱን መንገር፥ ላልደረሳትም ክትባቱን ማድረስ። አንዱን ከፍሎ ሌላውን የተወ ዕዳውን አልጨረሰም።