የማይመለስ እንግዳ

እንግዳ የሚለው ቃላችን ሁለት ሰው ይጠራል፤ የማናውቀው ሰው እንግዳ ነው፤ ከገበታችን የሚቀመጠውም እንግዳ ነው። ግሪኮችም «ክሴኖስ» ሲሉ ሁለቱን ባንድነት ይጠራሉ። ከሁለቱ ትርጓሜ ለገበያ የሚቀረው የትኛው እንደ ሆነ ለማሰብ የተገደድነው፣ ሳንቶሪኒ በምትባለው የግሪክ ደሴት ራት በበላንበት ምሽት ነው።

ለስብሰባ አቴና የሄድን ስምንት ባልንጀሮች ነበርን፤ አንዱ ገና ተማሪ ነው። ሥራችንን ፈጽመን ከፒሬዎስ ወደብ በመርከብ ተሻገርን። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ መካከሏን ባሕር ስለ ዋጠው፣ የቀረው የደሴቲቱ ምድር እንደ ግማሽ ጨረቃ ተጠምዝዞ በገደል አፋፍ ቆሟል። ነዋሪዋ 15 ሺህ ያህል ሲሆን፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የጐበኛት ሰው ግን ከ3 ሚሊዮን በላይ ነበር።

ኢያ በምትባለው መንደር ጀምበር ስትጠልቅ ለማየት ሕዝብ ይጋፋል። እኛም ከገደሉ ጫፍ፣ ስሙን ከማንጠራው ምግብ ቤት ተቀመጥን። ዓሣው ብዙ ቆይቶ መጣ፤ ውጪው አርሮ ውስጡ ቀዝቅዞ ነበር። ለስድስታችን ሲቀርብ ሁለታችን ባዶ ሳሕን ይዘን ቀረን። የሁለቱ ምግብ ሲደርስ ሒሳቡም አብሮ ደረሰ፤ ገበታችንን የሚጠብቁ ሌሎች ነበሩና። (ፋቫ የሚሉት፣ ከደሴቲቱ ቢጫ ክክ የሚሠራው ምግብ ግን መልካም ነበር፤ አልጫችንን አስታወሰን።)

በባለቤቱ ላይ ፍርድ እንዳናጓድል፣ የዋሸን ነገር የለም። በግሪክ አገር በበረዶ የቆየ ዓሣ በምግቡ ዝርዝር ላይ ሊመለከት ይገባል፤ ከስሙ አጠገብ ትንሽ ኮከብ ታትማ ነበር፤ ያላየናት እኛ ነን። ደረሰኝ ያልተሰጠው ደንበኛ የመክፈል ግዴታ እንደሌለበትም ተጽፏል፤ ደረሰኙም ተሰጥቶናል። ሕጉ ሁሉ ተፈጽሟል። እንግዲያስ በደሉ ምኑ ላይ ነው?

አንዱ ባልንጀራችን «ዋጋው የዓሣው አይደለም፤ የጀምበሯ ነው» አለ። ዳሩ ግን ጀምበርን ባለ ምግብ ቤቱ አልሠራትም፤ ከመንገድ ዳር ቆሞ ለሚመለከተውም ያለ ዋጋ ትጠልቅለታለች።

ፈላስፋው ካንት በ1785 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የግብረ ገብ መጽሐፉ ስለ አንድ ባለ ሱቅ ያነሣል። ይህ ባለ ሱቅ ልምድ የሌለውን ገዢ አያታልልም፤ ለሕፃኑም ለዐዋቂውም በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ካንት ግን አያመሰግነውም፤ ታማኝነቱ ግዴታን ከማክበር የመጣ ነው ወይስ ከጥቅም? ብሎ ይመረምራል። በሰፈራችን ሱቅ ይህ ጥያቄ ተሸፍኖ ይኖራል፤ ደንበኛው ነገ ስለሚመለስ ጥቅምና ግዴታ ባንድ መንገድ ይሄዳሉና። በደሴቲቱ ግን መንገዱ ይከፈላል። እንግዳው በማለዳ መርከብ ይሄዳል፤ በፈንታው ሌላ ይተካል። መንገደኞች በስልክ የሚጽፉት ወቀሳም የገደሉን ጫፍ ከሰው ባዶ አያደርገውም። እንግዲህ ዓሣውን በደንብ ያበስል ዘንድ ባለቤቱን የሚያስገድደው፣ ከገዛ ልቡ በቀር ሌላ ምንም የለም።

እስከዚህ ድረስ ዳኞች ሆነን ተናገርን። ነገር ግን ያው ፈተና በእኛም ላይ መጥቶ ነበር። አሳላፊው «እንዴት ነበር?» ሲለን፣ ተማሪው «ዓሣው አልበሰለም» ሊል አፉን ሲከፍት በዓይናችን ገሠጽነው፤ «እጅግ መልካም» አልን። ከዚያም ስንነሣ፣ ሽማግሌ ባልና ሚስት ከበሩ ቆመው «ምግቡ ጥሩ ነው?» ብለው ጠየቁን። እነርሱንም ዳግመኛ አናያቸውም፤ እውነቱን ብንነግራቸው የምናገኘው፣ ብንሸሽጋቸውም የምናጣው አልነበረም። «ጥሩ ነው» አልናቸው። አመስግነው ገቡ፤ ባዶ ከተውነው ገበታም ተቀመጡ።

ደረጃውን ስንወርድ ተማሪው፣ «ጋሼ፣ ለነዚያ ሰዎች ለምን ጥሩ ነው አልናቸው?» ሲል ጠየቀ።

ከመካከላችን አንጋፋው፣ «ለጨዋነት ነው፣ ልጄ» አለው።

ልጁ ጥቂት እንደ ሄደ ቆመና፣ «ለማን?» አለ።