ግንባችን የገፋው ውሃ ወዴት ይሄዳል?

በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዙሪያ የጸደይ መባቻ አይታመንም። ፀሐይዋ ሰውን ካፖርቱን ካስወለቀች በኋላ ብርዱ ይመለሳል፤ በሐይቁ ላይ የሚያልፈው ቀዝቃዛ ነፋስም እርጥበት ይዞ በረዶ ያወርዳል። ውሃ በጠገበ መሬት ላይ ዝናብ ሲጨመር ደግሞ ወንዞች ይሞላሉ።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2013 በሚሺጋን የግራንድ ወንዝ ግራንድ ራፒድስ ከተማ ላይ 6.66 ሜትር ደረሰ። እዚያ እንዲህ ከፍ ብሎ ተመዝግቦ አያውቅም ነበር። በጎ ፈቃደኞች በከረጢት አሸዋ ሞልተው ደረደሩ። ከ1904ቱ ጎርፍ በኋላ የተሠሩት ግንቦችም መሐል ከተማውን ከከፋ ጉዳት አዳኑ።

ይሁን እንጂ ግንብ ውሃን አያጠፋም፤ የሚሰፋበትን ቦታ ይነሳዋል እንጂ። የጠበበ ወንዝ ከፍ ይላል፤ ግንብ የሌለውንም ጎረቤት ያሰጋል። ታዲያ ቤቴን ማዳኔ ጎረቤቴን ከጎዳ መብት ነው ወይስ በደል?

«ጎርፍ የአላህ ውሳኔ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። እውነት ነው፣ ዝናቡ የእኛ አይደለም። ውሃውን ወደ ሌላው ደጅ የገፋነው ግን እኛ ነን።

በጭንቅ ሌሊት ከረጢት የሚደረድር ሰው አይወቀስም፤ ለመመካከር ጊዜ የለውምና። በደህናው ዘመን ግንብ የሚሠራ ግን ጊዜ አለው። ስለዚህ ወንዙ የሚሰፋበት ሜዳ እንዲተው የመሟገት፣ ወጪውን የመጋራት፣ ግንብ ለሌለው ቀድሞ የመድረስ ዕዳ አለበት። ራስን ማዳን ነውር አይደለም፤ የዳንንበትን ዋጋ ሌላው ሲከፍል አለማየት ነው ነውሩ።