በእውነተኛ ቁጥር መዋሸት ይቻላል?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አንድ ሰው የተናገረው ቃል ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ «ዋሽቷል» ልንለው እንችላለን?

ጥያቄው የገጠመኝ በኮምፒውተር ሳይንስ የማስተርስ ትምህርቴን ስከታተል ነው። የምርምር ዘዴ የሚባለውን ኮርስ፣ ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ ንቄው ነበር። የዋቢ አጻጻፍና የምዕራፍ አከፋፈል ብቻ ስለመሰለኝ፣ ብዙዎቻችን እንደምናደርገው ከቀደሙን ተማሪዎች ፎርማት ወስጄ አለፍኩት።

የመመረቂያ ሥራዬ የአማርኛ ዜናዎችን ስፖርት፣ ኢኮኖሚ፣ ፖለቲካ እያለ የሚለይ ሞዴል መሥራት ነበር። እንዲህ ያለ ሞዴል ሥልጠናውን የሚጀምረው በዕጣ ከሚመደቡ ቁጥሮች ነው፤ ዳታው ሳይነካ ዕጣው ብቻ ቢለወጥ ውጤቱ ከፍና ዝቅ ይላል። አምስት ጊዜ አሠለጠንኩት። ከመቶ 84፣ 86፣ 85፣ 91 እና 83 አመጣ። የማወዳድርበት የቆየና ቀላል ዘዴ 86 ነበረው። ረቂቄ ላይ «ሞዴሉ 91 በመቶ አስመዝግቧል» ብዬ ጻፍኩ። አስመዝግቧል እኮ!

«ምን ችግር አለው? ሯጭም የሚታወቀው በምርጥ ሰዓቱ ነው» ትሉ ይሆናል። እኔም ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነው። ሯጩ ግን ምርጥ ሰዓቱን «ምርጤ» ብሎ ነው የሚናገረው። የእኔ አንባቢ 91ን ሲያይ ሞዴሉ ነገም ከነገ ወዲያም እንዲህ ይሠራል ብሎ ነው የሚወስደው። ሐናንያ ያመጣውም ገንዘብ እኮ ሐሰተኛ አልነበረም፤ ከፊሉን እንደ ሙሉ አቀረበው እንጂ።

ትልልቆቹም በዚህ ተሰናክለዋል። ሞዴል በመጨረሻ የሚለካው በሥልጠና ጊዜ ባላየው የመፈተኛ ዳታ ነው፤ በእሱ ደጋግሞ እየሞከሩ የተሻለውን መምረጥ የፈተና ወረቀት አስቀድሞ እንደማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢሜጅኔት በተባለው የምስል መለየት ውድድር በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ መሞከር ሲፈቀድ፣ የባይዱ ቡድን በተለያዩ አካውንቶች በስድስት ወር ገደማ ውስጥ 200 ጊዜ ያህል ሞክሮ ተገኘ። ለአንድ ዓመት ታገደ።

እኔን ያነቃኝ ግን ይህ ታሪክ አይደለም። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ሥራዋን በእኔ ላይ ልትገነባ ኮዴን ወሰደች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ብትሞክር ከ85 እና ከ86 አላልፍ አላት። አንድ ማታ ደውላ «ዳታውን ሳዘጋጅ ያበላሸሁት ነገር አለ መሰለኝ፤ ከመጀመሪያው ልጀምር ነው» አለችኝ። የጠረጠረችው ራሷን ነበር። አምስት ጊዜ እንደሞከርኩ ነገርኳት። ዝም አለች፤ ከዚያ «ሁለት ሳምንቴን እኮ ነው» አለችኝ።

የኮርሱን ማስታወሻ ያን ሌሊት እንደገና አወጣሁት። ሁሉንም ሙከራ መዝግብ፤ አማካዩን ስጥ፤ መምረጥ ካስፈለገ ለብቻ በተቀመጠ ዳታ ምረጥ፣ መፈተኛውን አንዴ ብቻ ንካ። የፎርማት ጉዳይ ያልኳቸው መስመሮች የተጻፉት ለእሷ ነበር፤ ከእኔ በኋላ ለሚመጣና ቃሌን ለሚያምን ሰው።

አምስቱንም ቁጥር ሠንጠረዡ ላይ አሰፈርኩ። አማካዩ 85.8 ሆነ፤ ከቀላሉ ዘዴ አልበለጠም። አማካሪዬ አንብበው «እንግዲህ ርዕሱም ይስተካከል» አሉኝ። «የተሻሻለ» የሚለውን ቃል ሰረዝኩት።