ዋጋውን ማን ከፈለው?

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን እኅቶችና ወንድሞች፤

ባለፈው ክረምት እኛ፣ እኅትና ወንድም የሆንን ሁለት አባሎቻችሁ፣ በሮም ከተማ የሚኖሩትን አክስታችንን ለመጠየቅ ሄደን ሦስት ሳምንት ሰንብተን ተመልሰናል። ከመጣን ወዲህ ብዙዎቻችሁ «ምን አያችሁ?» ብላችሁናል። ያየነውን መናገር አያስቸግርም። ያስቸገረንና እስከ ዛሬም እርስ በርሳችን ስንከራከርበት ያለነው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም በሌላ ሰው ድካም በተገኘ መልካም ነገር ደስ መሰኘት ይገባልን? የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ያስነሣብን መጽሐፍ ወይም መምህር አይደለም፤ ድንጋይ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ኮሎሴዎ የሚባለውን የጥንት ትርዒት ቤት ከውጭ ዞረን አየን። ሕንፃውን ያስጀመረው ንጉሥ ቬስፓስያኖስ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ80 ዓ.ም. መርቆ የከፈተው ልጁ ቲቶ ነው። ቁመቱ ወደ 50 ሜትር ይጠጋል፤ 50 ሺህ ያህል ተመልካች ይይዝ ነበር ይባላል። አንገታችን እስኪያመን ወደ ላይ እያንጋጠጥን «ያለ ሞተር እንዴት አቆሙት?» ስንባባል ዋልን። ከዚያ ጥቂት ርቆ ወደሚገኘው ወደ ቲቶ ቅስት ስንሄድ ግን ወሬያችን ቆመ። በቅስቱ የውስጥ ግድግዳ ላይ ወታደሮች ሰባት ቅርንጫፍ ያለውን መቅረዝ፣ ገበታውንና መለከቶቹን ተሸክመው ሲሄዱ ተቀርጿል። በ70 ዓ.ም. ከፈረሰው ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የተዘረፈ ንዋየ ቅድሳት ነው። በኦሪት ዘጸአት ትምህርት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ያደግነው መቅረዝ፣ በማራኪዎቹ ትከሻ ላይ! ሊቃውንት ደግሞ ኮሎሴዎ ራሱ በጦርነት ምርኮ ገንዘብ እንደ ተሠራ ይናገራሉ። ይህንንም የሚሉት በአንድ ድንጋይ ላይ ቀድሞ የነሐስ ፊደል ተተክሎባቸው የነበሩትን ቀዳዳዎች ተከታትለው በማንበብ ነው። እንግዲህ እንዲህ ከሆነ፣ በማለዳ አንገታችንን እስኪያመን ያደነቅነውና ከሰዓት በኋላ ያዘንንበት ነገር ዋጋው አንድ ነበረ ማለት ነው።

በዋናው ባቡር ጣቢያ አካባቢም አንድ ሐውልት አለ። ጠርበው ያቆሙት ግብፃውያን ናቸው፤ የዳግማዊ ራምሴስ ነው። ሮማውያን ባሕር አሻግረው ወሰዱት። በ1887 ደግሞ ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው የኢጣልያ ወታደሮች መታሰቢያ ሆኖ ተተከለ። አንድ ድንጋይ የስንቱን ሕዝብ ነገር ተሸክሟል! የወታደሮቹ ስም ተጽፎበታል። ድንጋዩን የፈለጡትን ሰዎች ስም ግን ማንም አልጻፈው።

የአክሱም ሐውልት ቆሞበት ወደ ነበረው ሥፍራ የወሰዱን አክስታችን ራሳቸው ናቸው። እንደምታውቁት 24 ሜትር የሚረዝመው ሐውልት በ1937 በፋሽስቶች ትእዛዝ ተጭኖ ተወሰደ፤ ኢጣልያ በ1947 የሰላም ውል ልትመልስ ብትስማማም በአውሮፕላን የተመለሰው በ2005፣ አክሱም ላይ ዳግመኛ የቆመው በ2008 ነው። አክስታችን ሮም የገቡት ሐውልቱ ገና ሳይመለስ ነበርና እሑድ እሑድ እየመጡ ከአጠገቡ ይቀመጡ እንደ ነበር ነገሩን። «እሱም የኔ ቢጤ ነበር። አገራችን የምንገባበትን ቀን አብረን እንጠብቅ ነበር። እሱ ገባ፣ እኔ ቀረሁ» ብለው ሳቁ። እኛም ሳቅን።

አሁን ወደ ነገራችን እንግባ። አክስታችን የሚሠሩት አንዲት በጣም ያረጁ ኢጣልያዊት በመጦር ነው። ያበሏቸዋል፣ ያጥቧቸዋል፣ ሌሊት ሁለት ጊዜ እየተነሡ ጎናቸውን ያገላብጧቸዋል። አዳራቸውም እዚያው ነው። ዕረፍታቸው እሑድና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። እኛን ያሳረፉን ከሁለት ሐበሾች ጋር ሆነው በተከራዩት ክፍል፣ በራሳቸው አልጋ ላይ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ኮሎሴዎ ውስጥ እንድንገባ የመግቢያ ቲኬት ቆርጠውልን አብረን ሄድን። ሮም ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሲኖሩ አንድ ቀን ገብተው አያውቁም። «ግቡ፣ እኔ እዚህ ሆኜ እጠብቃችኋለሁ» አሉን። እኛም ሁለተኛ ሳንለምናቸው ገባን። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስንወጣ የቦርሳቸውን ማንገቻ እጃቸው ላይ ጠምጥመው፣ ደረጃው ላይ እንደ ተቀመጡ፣ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። አገር ጎብኚው በጎናቸው እየታጠፈ ያልፋል። ነገሩ አሳቀንና ሳይነቁ አንድ ፎቶግራፍ አነሣናቸው።

ማታ ከክፍል ጓደኞቻቸው አንዷ ቡና እያፈሉ ሳሉ ሳያስቡት አወጡት። ለካስ አክስታችን የእኛን የአውሮፕላን ቲኬት ለመግዛት አንድ ዓመት ሙሉ የሐሙስ ዕረፍታቸውን የሌላ ሰው ቤት ሲያጸዱበት ኖረዋል! «ስትመጡ ነው ያረፈችው» አሉን። ቡናው በጉሮሯችን ተሰነቀረ።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንምና መጽሐፍ ቅዱስ ገለጥን። ማርቆስ በምዕራፍ 12 መጨረሻ ጌታችን በመዝገቡ አንጻር ተቀምጦ ሁለት ሳንቲም የጣለችውን ድኻ መበለት እንዳየ ይጽፋል። ምዕራፍ 13 ሲጀምር ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ የቤተ መቅደሱን ድንጋይና ሕንፃ እያሳዩት ሲደነቁ እናገኛለን። ምዕራፉ ስለሚለያቸው ሁለቱን አያይዘን አንብበን አናውቅም ነበር። እርሱ ሴቲቱን አየ፤ እነርሱ ድንጋዩን አዩ። ለዚያ ቤት ከሚገባው ገንዘብ እኮ የእርሷ ሁለት ሳንቲም አለበት! ጌታም ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደማይቀር ነገራቸው፤ በኋላም ያን ያፈረሰውን ሠራዊት ይመራ የነበረው ያው ቅስቱን ያየንለት ቲቶ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ድንጋዩን በማድነቃቸው በደሉ ለማለት አንደፍርም። ግን መበለቲቱ በአጠገባቸው ስታልፍ ጌታ ጠርቶ ባያሳያቸው ኖሮ ያዩአት ነበርን?

ክርክራችን የጀመረው ከዚህ ላይ ነው። አንዳችን፣ ዋጋው የሰው ሥቃይ የሆነ ነገር ደስ ሊያሰኝ አይገባውም አለ። ምስክሩም ዳዊት ነው። በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 23 እንደ ተጻፈው፣ ዳዊት የቤተ ልሔምን ውኃ ቢመኝ ሦስት ኃያላን የፍልስጥኤማውያንን ሰፈር ጥሰው አመጡለት፤ እርሱ ግን የሰዎቹን ደም እንደ መጠጣት ቆጥሮት ለእግዚአብሔር አፈሰሰው እንጂ አልቀመሰውም። ሌላችን ደግሞ፣ በሰው ድካም የተገኘ ሁሉ ምርኮ አይደለም ስትል ተከራከረች። በዚያው በሮም፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው የሐበሾች ቤት፣ አባ ተስፋ ጽዮን የተባሉ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ከጓደኞቻቸው ጋር በ1548 እና 1549 የግእዝ ሐዲስ ኪዳንን በማተሚያ አሳትመዋል። አታሚዎቹ ግእዝ አያነቡም፣ መነኮሳቱ ማተም አያውቁም፤ ስለ ስሕተቱ በመጨረሻው ይቅርታ እስከ መለመን ደርሰው፣ በስደት አገር ደክመው ለእኛ ሰጡን። ያን መጽሐፍ ደስ ብሎት ያልተቀበለ ሰው ድካማቸውን አከበረ ሊባል ነው? ምርኮና ስጦታ የሚለያዩት በድካሙ ብዛት አይደለም፤ የደከመው ሰው ፈቅዶ በመስጠቱ ነው። ይህን ስንሰማ ክርክሩ ያለቀ መስሎን ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአክስታችን ሁሉንም አወጣንላቸው። መጀመሪያ ጓደኛቸውን ተቆጡ። ቀጥለው ወደ እኛ ዞረው፣ «እናንተ ልጆች፣ እኔን ምርኮኛ አደረጋችሁኝ እንዴ? ማን አስገደደኝ?» አሉ። የዳዊትንም ታሪክ ስንነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ዳዊትስ ደግ አደረገ፣ ለእግዚአብሔር ሰጠ። ግን እነዚያ ሦስት ሰዎች ያን ሌሊት እንዴት አድረው ይሆን? አንድ ጉንጭ ቢጎነጭላቸው ደስ አይላቸውም ነበር?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ውኃ ይፈሳል፤ የበላነውና ያየነው ግን ተመልሶ አይፈስስም።

ሆኖም «ማን አስገደደኝ?» ያሉት ቃል እስከ ዛሬ ይከነክነናል። እውነት ነው፣ ሰይፍ የመዘዘባቸው የለም። ግን የአያታችን ቤት ጣራ ሲያፈስስ የተደወለው ለእሳቸው ነው። የእኛ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ የተደወለው ለእሳቸው ነው። አጎታችን ሲታመሙም እንዲሁ። በስልክ «እንዴት ነሽ?» ስንባባል መልሱን ሳንጠብቅ ወደ ጉዳዩ እንገባ ነበር፤ ሮም ያለ ሰው ደግሞ ምን ይጎድለዋል! ብለን እናስባለንና። አልችልም የሚሉበት በር ተከፍቶላቸው ያውቃልን? ስጦታ የሚሆነው ሰጪው እንቢ ማለት ሲችል ከሆነ፣ እኛ አለመጠየቃችን ያን በር ዘግቶባቸው ኖሯል። ጭካኔ አልነበረብንም። የሮም ሰዎችም ኮሎሴዎ ውስጥ ተቀምጠው ትርዒት ሲያዩ እያንዳንዳቸው ጨካኞች ነን ብለው አላሰቡ ይሆናል።

ስለዚህ ከእኛ መካከል ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ (የሌለው ጥቂት ነው) የምንላችሁ ላኩ አትበሏቸው፣ አትቀበሏቸው አይደለም፤ አክስታችን ይህን ቢሰሙ ይቀየሙናል። በሚቀጥለው ስትደውሉ ግን ስለ ገንዘብ ሳታነሡ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚተኙ ጠይቋቸው። እኛ ከተመለስን ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ እንደውላለን። የመጀመሪያው ቀን «ምን ጎደለ?» ብለው ደንግጠው ነበር።

ስንሰናበታቸው «የሐሙሱን ነገር ለእናታችሁ እንዳትነግሩብኝ» ብለው አስምለውናል። መሐላው ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ደግሞ ሌላ ክርክር ሆኖብናል። እናታችን በመጣን ማግስት ከጎረቤት ጋር ተቀምጣ፣ ፎቶግራፎቹን በስልካችን እያሳለፍን አሳየናት። ቅስቱን፣ መቅረዙን፣ ኮሎሴዎን ከውጭና ከውስጥ አሳየናት። ጎረቤቶቹ «እሰይ፣ ድንቅ ነው!» ይላሉ። እንዲህ ስናሳልፍ ደረጃው ላይ የተኙበት ደረሰ። ለማለፍ ጣታችንን ስንሰድ እናታችን እጃችንን ያዘችና፣ «ቆይ» አለች። «እትዬ ከስተዋል።» ስለ ሕንፃው ምንም አልጠየቀችንም።