እኩል ግብር ትክክለኛ ግብር ነውን?

ሀብታሙም ድሀውም ከገቢው በአንድ ምጣኔ ቢከፍል ሥራው ይቀላል፣ አድልዎም ይቀራል የሚሉ ሰዎች በየአገሩ አሉ። ኢስቶኒያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1994 የገቢ ግብርን ለሁሉም 26 ከመቶ አድርጋ ነበር፤ ሩሲያም በ2001 በ13 ከመቶ ጀምራ፣ በ2021 ለባለ ከፍተኛ ገቢዎች 15 ከመቶ በማድረግ አንድ ወጥነቱን ትታዋለች። አሳቡ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አባቶቻችን ይከፍሉት የነበረው አሥራት ይኸው ነበርና።

ከአሥራት የቀለለ ሕግ አይገኝም። ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ እንኳ ከአውድማው ላይ ቆሞ ዘጠኝ ቁና ለቤቱ፣ አንድ ቁና ለመንግሥት ብሎ መስፈር አያቅተውም። ዳሩ ግን ሁለት ጎረቤታሞችን እናስብ፤ አንዱ ዐሥር ኩንታል፣ ሌላው መቶ ኩንታል አገቡ እንበል። የመጀመሪያው አንዱን ሰጥቶ ከቀረው ዘጠኝ ላይ ዘሩን ያነሣል፤ ከዚያ በኋላ ልጆቹን ክረምቱን እንዴት እንደሚያሻግር ይጨነቃል። ሁለተኛው ዐሥሩን ሰጥቶ ዘጠናውን የት እንደሚያኖረው ያስባል። ሁለቱም ከዐሥር አንድ ከፍለዋል።

እንግዲያውስ በደረጃ ማስከፈሉ ይሻላል ብለን እዚህ ላይ ብናቆም በወደድን፤ የ1960 ዓ.ም. ነገር ግን አያስቆመንም። በዚያ ዓመት የወጣው አዋጅ አሥራትን ሽሮ በምትኩ በደረጃ የሚከፈል የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አቆመ። በወረቀት ላይ ሲያዩት ለድሀው የሚያዝን ሕግ ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን ተቃወመው፤ ነገሩም እስከ ጠመንጃ ደረሰ። ስለ ምን? በደረጃ ለማስከፈል የእያንዳንዱን ገቢ ማወቅ ግድ ነው፤ ለማወቅም ገማች ከደጃፉ ሊመጣ ነው። ገበሬውም ዛሬ የተገመተው መሬት ነገ ይለካል፣ ርስቴም ከእጄ ይወጣል ብሎ ሠጋ። ይህን ፍርሃት እኛ ድንቁርና አንለውም። እርግጥ ነው፣ አሥራትም ቢሆን በገማች እጅ ተበላሽቶ ያውቃል፤ ሆኖም ገበሬው በደሉን በራሱ ቁና ሊለካው ይችል ነበር። በአዲሱ ሕግ ግን ስሌቱ በሌላ ሰው መዝገብ ውስጥ ገባ።

ዛሬም አንድ ወጥ ምጣኔ ከእኛ አልራቀም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሚከፈለው 15 ከመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከተመዘገበ ነጋዴ ሳሙና ለገዛው ዘበኛም ለዋና ሥራ አስኪያጁም አንድ ነው። ሒሳቡ ቀላል ስለ ሆነ ማንም አይከራከርበትም፤ ማንም ስለማይከራከርበትም ክብደቱ በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ አይነገርም።

በእኛ አስተያየት ለኑሮ ግድ የሆነው ገቢ አስቀድሞ ሳይነካ ሊቀመጥ ይገባል፤ ይህ ከተጠበቀ ደረጃው ሁለት ይሁን አምስት ብዙ አንጨቃጨቅም። ግምት በማይቀርበት ስፍራ ደግሞ ገማቹ ስሌቱን ለከፋዩ በጽሑፍ ያሳየው። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ከግብር ነጻ የሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ማድረጉን የደገፍነው ስለዚሁ ነው። የቤት ኪራይ ለሚከፍል መምህር ይህ ገንዘብ የስንት ቀን ቀለብ እንደሚሆን ግን አንባቢው ራሱ ያስላው።