ያው ራሱ ዶቃ፦ ስለ አሮጌ የበዓል ጌጥና ስለ ክብሩ

የቆየ የገና ጌጥን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ እየፈለጉ ማሰባሰብ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የብዙ ሰዎችን የዕረፍት ቀን የሚይዝ ልማድ ሲሆን፣ ላይ ላዩን ለሚያየው ከሃይማኖት ይልቅ ለሸቀጥ ፍቅር የቀረበ ይመስላል። ነገር ግን ፈላጊው አዲሱን ከሱቅ መግዛት እየቻለ ቀለሙ የለቀቀውንና ክዳኑ የዛገውን ለምን እንደሚመርጥ ሲጠየቅ ነገሩ ከገበያ አልፎ ወደ ፍልስፍና ይገባል፤ መልካቸውና ጥቅማቸው አንድ ከሆነ ሁለት ዕቃዎች መካከል አንዱ በሰው እጅ ስላለፈና በበዓል ስለዋለ ብቻ ከአምሳያው ሊከብር ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ይነሣልና። ይህን ለመመርመር ጋምቤላን መምረጥ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ በባሮ ዳር በተቆረቆረችው ከተማ አሮጌ የገና ኳስ እየፈለገ የሚዞር ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም የክልሉ ሕዝቦች፣ በተለይም አኙዋዎች፣ እጅ ለእጅ ስለሚተላለፍ አሮጌ ጌጥ ያዳበሩት ሥርዓት ለጥያቄው ከማናቸውም የጥንታዊ ዕቃ ገበያ የተሻለ ብርሃን ይሰጣል።

ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ሞቃት ቆላ ስለሆነች፣ በደጋው ለገና ዛፍነት የሚቆረጠው ጽድ የእርሷ ዛፍ አይደለም፤ በበዓሉ ሰሞን የሚተከለው በአመዛኙ ከአዲስ አበባ ተጭኖ የሚመጣ ፕላስቲክ ነው፤ የሚንጠለጠልበትም ኳስ እንዲሁ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከክልሉ ነዋሪ ከመቶ 70 ያህሉ ፕሮቴስታንት፣ 17 ያህሉ ደግሞ ኦርቶዶክስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዓሉም በክልሉ ሁለት ጊዜ ይውላል፤ የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ልደትን ታኅሣሥ 29 ሲያከብሩ፣ ከደቡብ ሱዳን ተሰደው እንደ ኩሌ፣ ቴርኪዲና ጀዊ ባሉ መጠለያዎች ከሰፈሩት ክርስቲያኖች ብዙዎቹ ከአገራቸው ይዘውት በመጡት አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ያከብሩታል።

አሮጌ ዕቃ እንደ ሆነ በአገሩ ሞልቷል። ሳልባጅ፣ ማለትም በባዕድ አገር ተለብሶ፣ በቦንዳ ታስሮ፣ ሕግ እየከለከለው የሚገባው ልብስ፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ከተማ ሁሉ በጋምቤላም ገዢ አለው፤ በአዲስ አበባም ቁራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሚሰበስበው ዕቃ ምናለሽ ተራ ገብቶ ሌላ ዕቃ ሆኖ ይወጣል። በእነዚህ ገበያዎች ግን አሮጌነት ዋጋ የሚቀንስ ጉድለት ነው፤ ሳልባጅ ነጋዴው ልብሱን የሚያጥበውና የሚተኩሰው የቀድሞው ለባሽ አሻራ እንዳይታይበት ሲሆን፣ ገዢውም ቢሆን ያ ሰው ማን እንደ ነበረ፣ በሕይወት ይኑር አይኑር፣ ማሰብ አይወድም። የገና ጌጥ ፈላጊው የሚሻው በተቃራኒው ያንኑ አሻራ ነው፤ በሳጥኑ ክዳን ላይ በእርሳስ የተጻፈ የማያውቀው ቤተሰብ ስም ቢያገኝ ዕቃው ከበረለት እንጂ ረከሰበት አይልም።

የጌጡ ታሪክ ራሱ ከመቅደስ ይልቅ ለፋብሪካ የቀረበ ነው። ላውሻ በምትባል የጀርመን ብርጭቆ ሠሪዎች መንደር በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በትንፋሽ ይሠራ የነበረው ኳስ፣ ዉልዎርዝ የተባለው አሜሪካዊ ባለ ሱቅ ከ1880 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አገሩ ስላስገባው የሠራተኛው ቤተሰብ ጌጥ ሆነ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንን ንግድ ሲዘጋው ደግሞ ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የአምፖል ብርጭቆ ያመርትበት የነበረውን ማሽን ለጌጥ ሥራ አዋለው። በጦርነቱ ዓመታት ብረት ጠፍቶ የወረቀት ክዳን የተደረገላቸው ኳሶች ዛሬ ሰብሳቢዎች ከሚሹዋቸው መካከል ናቸው፤ በዘመኑ የእጦት ምልክት የነበረው አሁን የክብር ምልክት ሆኗል። ለጋምቤላ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠጋው ግን የቦሄሚያ ታሪክ ነው። ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው አገር ሰሜን የብርጭቆ ዶቃ የሚሠሩ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ምርታቸውም እንደ ቬኒስ ዶቃ ሁሉ በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ አፍሪካ ንግድ በብዛት ይጎርፍ ነበር፤ ከተነፋ ዶቃ የሚሠራ የገና ጌጥም የዚያው አካባቢ ሙያ ሲሆን፣ በፖኒክላ መንደር እስካሁን የቀጠለው ይህ የእጅ ሥራ በ2020 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። የአውሮፓን የገና ዛፍ ያስጌጠውና የአፍሪካን ሙሽራ ያስጌጠው ብርጭቆ በአንድ እሳት ዙሪያ የተገኙ ናቸው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በብሪታንያ መካከል በተደረገው ውል የተፈቀደው የባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ፣ በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም በሚመጡ የእንፋሎት ጀልባዎች ቡና ያስወጣና ሸቀጥ ያስገባ ስለ ነበር፣ ከውጭ የመጣ ጌጥ ለጋምቤላ እንግዳ አልነበረም። አኙዋዎች ዲሙይ የሚሉት ሰማያዊ የብርጭቆ ዶቃ ግን ከተራ ሸቀጥ ጋር አይቆጠርም፤ እርሱ በልማዱ የጥሎሽ መክፈያ ሲሆን፣ ጋብቻ የሚጸናውም በእርሱ ነው። ኤቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ በ1940 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአኙዋ ጥናት ጭምር እንደሚታየው፣ ወንድም በእኅቱ ጋብቻ ወደ ቤት የገባውን ዶቃ ይዞ የራሱን ሚስት ያገባል፤ ዶቃው ከዚያ ወደ ሚስቲቱ ወንድም፣ ከእርሱም ወደ ሌላ ቤት ይሻገራል። አዲስ ዲሙይ ስለማይጨመር ያለው ብቻ ይዞራል። ጎረቤቶቻቸው ኑዌሮች ጥሎሹን በከብት የሚከፍሉ መሆናቸው ልዩነቱን ያጎላዋል፤ ከብት ይወልዳል፣ ይሞታል፣ በሌላ ከብት ይተካል፤ ዲሙይ ግን አይወልድም፣ ምትክም የለውም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ዶቃ የአያቶችን ጋብቻ እንደ ተሸከመ ይኖራል። በአኙዋ መሳፍንት ዘንድ ደግሞ ኦቹዎክ የሚባለው የዶቃ ሐብል የንግሥና ምልክት ሆኖ ሲያገለግል፣ መሳፍንቱ እርሱን ለመያዝ እርስ በርስ እስከ መዋጋት ይደርሱ ነበር፤ የዚህ ሐብል ክብር በብርጭቆው ጥራት ሳይሆን ቀድሞ በለበሱት ሰዎች ብዛት የሚለካ ነበር ማለት ይቻላል።

ለዚህ ዓይነቱ ክብር የመካከለኛው ዘመን ሊቅ ዮሐንስ ዱንስ ስኮተስ ያበጀው ጽንሰ ሐሳብ ጠቃሚ ነው። እርሱ እንደሚለው አንድ ነገር ከወገኑ ጋር የሚጋራው ባሕርይ ሁሉ ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ፣ ያንን ነገር ያ ነገር ብቻ የሚያደርገው፣ በአማርኛ ይህነት ሊባል የሚችል፣ የማይጋራ ማንነት ይቀራል። አዲሱ የገና ኳስና አሮጌው በወገን አንድ ናቸው፤ ፈላጊው የሚያሳድደው ግን የአሮጌውን ይህነት ነው። እዚህ ላይ ልማዱ ከበዓሉ ትምህርት ጋር ሳይታሰብ ይገናኛል፤ ወንጌላዊው ሉቃስ የልደትን ታሪክ ሲጀምር የአውግስጦስ ቄሣርን ትእዛዝና የሶርያውን ገዢ የቄሬኔዎስን ስም የሚጠራው፣ የተወለደው የሰው ልጅ ሁሉ ምሳሌ ሳይሆን በአንድ ዘመን፣ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ግርግም የተኛ አንድ ሕፃን መሆኑን ለማጽናት ነው። የአሌክሳንድርያና የኢትዮጵያ መምህራን ስለ ተዋሕዶ፣ ማለትም ስለ መለኮትና ትስብእት አንድነት፣ ሲከራከሩ የኖሩትም ይህ አንድነት በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር ነው። እንግዲህ በዚህ በዓል ቀን ሰው ምትክ የሌለውን አንድን ዕቃ ቢወድ ከበዓሉ ባሕርይ የወጣ ነገር አላደረገም።

ይሁንና ተቃውሞው ቀላል አይደለም። የገና ዛፍን የሚነቅፉ ኢትዮጵያውያን ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ነቢዩ ኤርምያስ በአሥረኛው ምዕራፍ ከዱር ተቆርጦ በብርና በወርቅ ስለሚሸለም እንጨት የተናገረውን ነው፤ ክፍሉ ግን ተጠርቦ ስለሚመለክ ጣዖት እንጂ ስለ ጌጥ ዛፍ አይናገርምና ማስረጃው እንደሚታሰበው ጠንካራ አይደለም። ከዚህ ይልቅ በ200 ዓመተ ምሕረት አካባቢ የጻፈው ተርቱልያኖስ ክርስቲያኖች በአረማውያን በዓል ደጃቸውን በመብራትና በቅጠል ማስጌጣቸውን የነቀፈበት ምክንያት የበለጠ ይከብዳል፤ የእርሱ ስጋት ጌጡ ማንን እንደሚያከብር ሳይለይ መቅረቱ ነበርና። የጋምቤላ ወንጌላውያን ታሪክም በዚህ ላይ የሚያስገርም ጠማማ መንገድ አለው፤ በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በአኙዋዎች መካከል የሠሩት አሜሪካውያን የፕሬስቢቴርያን ሚሲዮናውያን መንፈሳዊ አባቶቻቸው በስኮትላንድ በ1640 እ.ኤ.አ. የገናን በዓል ጭራሹን በሕግ የከለከሉ ነበሩ፤ ከዚህ የሚሲዮን ሥራ የተገኙት ምእመናን በ1974 እ.ኤ.አ. ከመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ጋር የተዋሐደው የቤቴል ማኅበር ወራሾች ሲሆኑ፣ የገናን በዓል ግን ከሌላው ክርስቲያን ጋር በደስታ ያከብራሉ።

ለተቃውሞው መልስ የሚሆነው ክብር ከሥዕሉ ወደ ባለ ሥዕሉ ያልፋል የሚለው የቅዱስ ባስልዮስ ሐሳብ ነው። እርግጥ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳትን፣ ማለትም ለቅዳሴ የተለዩ ዕቃዎችን፣ ከቤት ጌጥ አጥብቃ ትለያለች፤ ተባርኮ ለመሠዊያ የተለየ ጽዋ ለሌላ ሥራ አይውልም፣ ገበያም አይወጣም። የገና ኳስና ዲሙይ ግን ማንም አልባረካቸውም፤ ክብራቸው ከሰው ወደ ሰው ካለፈ መታሰቢያ የመጣ ነውና ወደ ሰዎቹ መመለስ ይኖርበታል። የአሮጌ ጌጥ ሰብሳቢ ቤቱ ሞልቶ ጎረቤቱን የማያስገባ ከሆነ፣ ክብሩ ማለፍ የነበረበት ቦታ ሳይደርስ ዕቃው ላይ ቀርቷል።

ይህ መቅረት ምን ያህል እንደሚከፋ የአኙዋ ዘመድ በሆኑት የሉኦ ሕዝቦች ዘንድ በሰፊው የሚነገር አፈ ታሪክ ያሳያል። ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ አንዱ በሌላው ጦር ዝሆን ወጋ፣ ዝሆኑም ጦሩን ይዞ ሸሸ። ባለ ጦሩ ሌላ ጦር ቢሰጠው አልቀበልም፣ ያንኑ ጦሬን አምጣ አለ፤ ወንድሙም ዝሆኖች አገር ድረስ ተጉዞ ጦሩን አመጣ፣ ከዚያም ውብ ዶቃ ይዞ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ የባለ ጦሩ ሕፃን ልጅ ያንን ዶቃ ዋጠ፤ የተበደለው ወንድምም በተራው ምትክ አልቀበልም፣ ያንኑ ዶቃዬን አለ፤ የሕፃኑም ሆድ ተቀደደ። ወንድማማቾቹ ለዘለዓለም ተለያዩ፤ የሕዝቦቹ መበታተንም ከዚህ ጋር ተያይዞ ይተረካል። አፈ ታሪኩ ይህነትን መውደድ ስሕተት ነው አይልም፤ ዶቃው በእርግጥ ምትክ አልነበረውም፤ ምትክ ያልነበረው ሌላው ግን ሕፃኑ ነበር። የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ በ378 እ.ኤ.አ. የሮም ሠራዊት በአድርያኖፕል ድል ከተመታ በኋላ የተማረኩትን ለመቤዠት የቤተ ክርስቲያንን የወርቅ ንዋያት አቅልጦ ሸጠ፤ ሲከሰስም ከጽዋው ይልቅ ጽዋው የተሠራለት ሰው ይበልጣል የሚል መልስ ሰጠ። አምብሮስዮስ የተቀደሰውን ዕቃ ለሰው ሲል ሰበረ፤ የዶቃው ባለቤት ሰውን ለዕቃ ሲል ቀደደ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ስለ አሮጌ ዕቃ ፍቅር ሊባል የሚገባውን አብዛኛውን ይዟል።

የሚቀረው አስቸጋሪው ጉዳይ ዕቃው ከዙሩ ሲወጣ ነው። ጥሎሽ በገንዘብና በከብት መከፈል እየተለመደ ሲሄድ፣ አንድ ቤተሰብ ዲሙዩን ለአፍሪካ ዶቃ ሰብሳቢዎች በሚያቀርብ ነጋዴ እጅ ቢሸጥ፣ ዶቃው በሌላ አገር የመስታወት ሳጥን ውስጥ በዕድሜውና በቀለሙ ይደነቃል፤ የማን እኅት በእርሱ እንደ ተዳረች የሚናገር ግን አብሮት አይሄድም። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ከተዘረፉት ንዋያት ጋር የወጡት ታቦታት ጉዳይ ከዚህ ይቀላል፤ አንዱ በኤዲንብራ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሳጥን ውስጥ ተገኝቶ በ2002 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ ማን ለማን መመለስ እንዳለበት ግልጽ ነበር፤ ታቦት በባሕርዩ የማይሸጥ፣ የተወሰደውም በጉልበት ነውና። ዲሙይ ግን ባለቤቱ ፈቅዶ የሸጠው ሊሆን ይችላል፤ ገዢው ቢመልሰው እንኳ የሚመልሰው ለሻጩ ነው ወይስ በቀጣዩ ጋብቻ ሊቀበለው ይችል ለነበረው ለማይታወቅ ወንድም? የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሕግ ለሁለተኛው ሰው ምንም ዕዳ አያውቅም፤ የአኙዋ ጥሎሽ ሥርዓት ግን ባለ ዶቃውን ሁሉ ከመነሻው የሚያየው ለዚያ ሰው እንደ ያዘ ባለ ዐደራ ነው።